ሮምን በእግር፦ ከቴርሚኒ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት

ሮም ልሄድ ነው ያለ ሰው መካሪ አያጣም። ኮሎሲየምን እይ፣ ትሬቪ ሳንቲም ጣል፣ ቫቲካን እንዳይቀርብህ። ምክሩ ልክ ነው፤ ሦስቱም ያምራሉ። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ግን ሌላም ዝርዝር ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ሮም ውስጥ የእኛ ታሪክ በየቦታው ተበትኗል። በአደባባይ ስም፣ ከቫቲካን ግንብ ጀርባ፣ በአንድ ንጉሥ መቃብር ላይ፣ ትልቅ ሐውልት በተነሳበት ቦታ። አስጎብኚዎቹ ስለዚህ ብዙም አያነሱም። አውቀህ ካልሄድክ በአጠገቡ ታልፋለህ።

የሄድኩት ጥቅምት ላይ ነው። የበጋው ሙቀት በርዶ ነበር። ያረፍኩት አክስቴ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ቤት ነው። ሮም ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ የምትሠራው አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች ነው። እዚያ እንደ እሷ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች እረፍታቸው በአብዛኛው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እነዚያን ቀኖች አብረን ዞርን። ሌላውን ጊዜ ብቻዬን በእግሬ ነው የጨረስኩት።

ረቡዕ

ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት የተነሳው ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ሄዶ ቴርሚኒ አወረደኝ። ቴርሚኒ የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ነው። ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች የሚገናኙት እዚያ ነው፤ አብዛኛው አውቶቡስም ከፊት ለፊቱ ይነሳል። ከጣቢያው ጎን ወዳሉት መንገዶች ገባ ስትል የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ታገኛለህ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ሽሮ በላሁ። እንጀራው ጥሩ ነበር።

ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም ጥር ወር ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል። የራስ አሉላ ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ትንሽ የአትክልት ቦታ አለ። እዚያ የዶጋሊ መታሰቢያ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ የግብፁ ፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። ከታች የሟቾቹ ስም ዝርዝር ተለጥፏል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1887 ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር የተተከለው፤ በኋላ ነው ወደዚህ የተዛወረው።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የአንበሳው ታሪክ ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ነቅለው አመጡና እዚህ መታሰቢያ ሥር አስቀመጡት። ሰኔ 1930 ዓ.ም ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን እዚህ ሲያየው ተንበረከከ፤ ከዚያ ጎራዴውን መዘዘ። ተይዞ ታሰረ፤ ወደ አገሩ ሳይመለስም እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው ጣሊያን ውስጥ ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሷል። ለገሐር የቆመው እሱ ነው። በታክሲ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌ ይሆናል! መታሰቢያው ጋ ስደርስ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ተኝቶ ነበር፤ እርግቦች ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ስለ ዘርዓይ የሚናገር አንድም ጽሑፍ አላየሁም። መኖር ነበረበት።

ሐሙስ

ትሬቪን ማየት የሚፈልግ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይድረስ። ከ3 ሰዓት በኋላ ከሰው ትከሻ በቀር የሚታይ የለም። ፏፏቴው ቁመቱ 26 ሜትር ነው፤ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1762። የሚገርመው ውሃው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት አግሪጳ የሚባል የሮም ሹም ያስገነባው የውሃ መስመር እየታደሰ ዛሬም ውሃ ያመጣል። ሰው የሚወረውረው ሳንቲም ተለቅሞ ካሪታስ ለተባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። እኔም ጣልኩ።

ስለ ውሃ ካነሳሁ አይቀር፦ ሮም ውስጥ የታሸገ ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ውሃ የሚያወርዱ የብረት ቧንቧዎች አሉ። ከ2 ሺህ ይበልጣሉ። ውሃው ንጹህ ነው፤ ክፍያ የለውም። ባዶ ጠርሙስ መያዝ ብቻ ነው። በፈረቃ ውሃ ለምንጠብቅ ለእኛ ይህ ከቤተ መንግሥት በላይ ያስቀናል።

ከሰዓት አክስቴ መጣች። ፓንቴዮን ጋ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ ጃንጥላ ፍለጋ ሲሯሯጥ እኛ ደስ አለን፤ ምክንያቱም ፓንቴዮን በዝናብ ነው የሚታየው። ጣሪያው መሀል ላይ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ክብ ቀዳዳ አለው። መስታወት የለው፣ ክዳን የለው። ዝናቡ በቀዳዳው ገብቶ ከ43 ሜትር ከፍታ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሠራተኞቹ የሚረጥበውን ቦታ በገመድ አጥረውታል። ወለሉን ጎንበስ ብዬ አየሁት። መሀሉ በጣም በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው፤ ካልተጠነቀቅክ አይታወቅህም። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ዳር ይሸሽና እብነ በረዱ ላይ በተቦረቦሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ይኸው ወደ 1900 ዓመት ሆነው፤ ቤቱ አልበሰበሰ፣ የዝናብ ውሃም አልሞላው።

ፓንቴዮን በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ126 አካባቢ ያለቀ ነው። ጉልላቱ ብረት በሌለው ኮንክሪት ተሠርቶ እስከ ዛሬ በዓለም የሚስተካከለው አልተገኘም። ምስጢሩ ድብልቁ ላይ ነው። ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲሄዱ እየቀለለ የሚሄድ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ጨምረውበታል። የግድግዳው ውፍረትም ወደ ላይ ይሳሳል። ከቤቱ ወለል እስከ ቀዳዳው ያለው ቁመትና የጉልላቱ ስፋት እኩል ነው፤ 43 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር። መግቢያው 5 ዩሮ ነው። ሮም ውስጥ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ይህንን ያህል ዋጋውን ያገኘ የለም።

ከጎን ባሉት ማረፊያዎች መቃብሮች አሉ። ሠዓሊው ራፋኤል እዚህ ነው። ከእሱ ፈንጠር ብሎ የኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር አለ። ስሙን ሳነብ ቆም አልኩ። የውጫሌ ውል ሲፈረም የጣሊያን ንጉሥ እሱ ነበር። ዓድዋም የዘመተው የእሱ ጦር ነው። ከዓድዋ አራት ዓመት በኋላ ሞንዛ ከተማ ላይ በጥይት ተገደለ።

ለአክስቴ ነገርኳት። መቃብሩን አየችው፤ እኔንም አየችኝ።

«ይሄ ነው እንዴ ከምኒልክ ጋር የገጠመው?»

«እሱ ነው።»

«እዚህ ቤት ስንቴ ገብቼ ወጥቻለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አመጣለሁ። አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም እኮ!» አለች። ከዚያ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። መቃብሩ ፊት ቀጥ ብላ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ተነሳች። ለልጆቿ ላከችው።

ዝናቡ ሲያባራ ፒያሳ ናቮና ሄድን። ረዥም አደባባይ ነው፤ የጥንት የሩጫ ስታዲየም የነበረበት ቦታ ስለሆነ ቅርጹ ዛሬም የስታዲየም ነው። መሀሉ ላይ ቀራጺው በርኒኒ እ.ኤ.አ. በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። አራት ግዙፍ ሰዎች አራት ወንዞችን ሆነው ተቀምጠዋል፦ ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና ዓባይ። ዓባይ በቀላሉ ይለያል። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው። ነገር ግን ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው ካህን እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ ምንጩን በዓይኑ አይቷል። የሰከላ ሰው ደግሞ ከእሱ በፊትም ሁልጊዜ ያውቀዋል፤ ጸበሉ ነው። ሐውልቱ ድንቅ ሥራ ነው። የድንጋዩ ጨርቅ እጥፋት ነፋስ የነካው ነው የሚመስለው። ፊቱ ቢገለጥ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ ቡና ቤት ቆመን ማኪያቶ ጠጣን። መጀመሪያ ካሸር ጋ ትከፍላለህ፤ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለህ፤ በሁለት ጉንጭ ትጨርሳለህ፤ ትወጣለህ። ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል። የኛ ማኪያቶ ይበልጣል የሚለው አቋሜ አልተለወጠም።

አርብ

ቫቲካን። በጠዋት የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ገባሁ። በርኒኒ አደባባዩን በ284 ዓምዶች በሁለት ወገን አቅፎታል። መሀሉ ላይ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ቆሟል። ሮም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው 13 ጥንታዊ ሐውልቶች አሉ፤ በዓለም ይህን ያህል የሰበሰበ ሌላ ከተማ የለም። ይህን ቁጥር አትርሱት፤ ሰኞ እመለስበታለሁ።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ማለትም አደባባዩ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ መግቢያው ነጻ ነው፤ የፍተሻው ሰልፍ ግን ረዥም ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። እንደገቡ በስተቀኝ ከመስታወት ጀርባ ማይክል አንጄሎ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ የቀረጸው የፒየታ ሐውልት አለ። እመቤታችን የሞተ ልጇን ታቅፋለች። ስለዚህ ሐውልት የማወራው የለኝም። ሄዳችሁ እዩት።

ጉልላቱ ላይ በእግር ለመውጣት 551 ደረጃ ነው። መጨረሻ ላይ መንገዱ ከጉልላቱ ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ አንተም ወደ ጎን አዘንብለህ ትወጣለህ። ላይ ስትደርስ ሮም በሙሉ ከሥርህ ናት። ሁሉም ሰው ወደ አደባባዩ በኩል ተጨናንቆ ፎቶ ያነሳል። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። የቫቲካን የአትክልት ስፍራ በዚያ በኩል ነው። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ከባዚሊካው ጀርባ ጠጋ ብላ ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፈለግሁ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ናት።

ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1479 ይህችን ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡ። ከኢየሩሳሌም ተነስተው በእግርና በመርከብ ሮም የሚደርሱ መነኮሳት ማረፊያቸው እሷ ሆነች። ዛሬ ከምናየው ግዙፍ ባዚሊካ በፊት ማለት ነው፤ የባዚሊካው ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1506 ነው። ከዚያች ትንሽ ግቢ የወጣውን ሥራ አስቡት። አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1548 እስከ 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚህ ሮም አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ ሰው በዚያው ግቢ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ምሁር ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ አማርኛ የተማረው ከእሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ከዚያ ወዳጅነት የተወለዱ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ለሰዓታት ተቀምጠው፣ ቃል በቃል እያስረዱ፣ ለማያውቁት ሰው ቋንቋቸውን የሰጡበት ቦታ ነው እንግዲህ ከላይ የማየው። ትንሽ ጣሪያ ናት። እኔን ግን ከሲስቲን ቻፕል ይልቅ እሷ ናት ያቆመችኝ። እዚያ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአትክልት ስፍራው ውስጥ ደግሞ ጳጳሳዊው የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ፤ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለ ብቸኛው ኮሌጅ ነው።

ሙዚየሙንና ሲስቲን ቻፕልን ከሰዓት አየሁ። ትኬት በኢንተርኔት ቀድማችሁ ቁረጡ። የቻፕሉ ጣሪያ ያምራል፤ አንገት ያማል፤ ሰዉ ይገፋል። ጠዋት መጀመሪያው ሰዓት ላይ ቢሆን ይሻላል።

ቅዳሜ

ከፒያሳ ቬኔሲያ ጀመርኩ። ነጩ ትልቁ ሕንፃ የቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ መታሰቢያ ነው። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። በጎኑ ያለውን ቡናማ ቤተ መንግሥት ግን ልብ በሉት። መሀሉ ላይ ያለች ትንሽ ሰገነት አለች። ሙሶሊኒ መስከረም 1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን ሊወር መሆኑን ያወጀው፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም ደግሞ «ኢምፓየራችን ተመሠረተ» ብሎ የፎከረው ከዚያች ሰገነት ላይ ነው። አደባባዩ በሰው ተጥለቅልቆ ያጨበጭብ ነበር። አሁን አውቶቡስ ይጠበቅበታል።

ከዚያ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው ሰፊ መንገድም የሙሶሊኒ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው የተከፈተው። በስተቀኝ ያለው ግንብ ላይ የሮም ግዛት እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተለጥፈዋል። አምስተኛም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1936 የተሰቀለው ያ ካርታ ኢትዮጵያን የፋሺስቱ ግዛት አድርጎ ያሳይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወረደ። አራቱ ዛሬም አሉ፤ ቱሪስቶች ፊታቸው ቆመው ይነሳሉ።

ኮሎሲየም በቬስፓሲያን ተጀምሮ በልጁ በጢቶስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ80 ተመረቀ። 50 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። መግቢያው ከፎረሙ (ከጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና ከፓላቲን ኮረብታ ጋር 18 ዩሮ ነው። እኔን የማረከኝ በውጭ በኩል ያለ ነገር ነው። ከታችኛው ቅስቶች በላይ ቁጥር ተቀርጿል። ተመልካቹ ትኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ካለበት በር ጋር አገናኝቶ ይገባል፤ ሲያበቃ በዚያው ይወጣል። ከአንዱ ቅስት ሥር ቆሜ ቁጥሩን በደንብ አየሁት፤ ጠርዙ ገና አልደበዘዘም። ስታዲየም በር ላይ ተጋፍቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ስለ ውስጡ ግን አልዋሽም፤ ሰው እንደ እንስሳ የታረደበት ቦታ ደስ ብሎኝ አልዞርኩበትም። ቶሎ ወጣሁ።

ፎረሙ ውስጥ የጢቶስን ቅስት አትለፉ። በውስጠኛው ግድግዳ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲያልፉ ተቀርጿል። ሮም የዘረፈችውን አትደብቅም። ድንጋይ ላይ ትቀርጸዋለች።

እሑድ

ጠዋት ከአክስቴ ጋር ቅዳሴ አስቀደስን። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ላየ ሰው አዲስ አበባ እንጂ ሮም አይመስለውም። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ስለ ሥራ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ልጆች ትምህርት ሲመካከሩ ሰማሁ። አክስቴ ሁሉንም ሰላም ሳትል አልወጣችም።

ከዚያ ወደ ሳንታ ክሮቼ ወሰደችኝ። የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በንግሥት እሌኒ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተሠራ። በየዓመቱ ደመራ የምንደምርላት እሌኒ፣ የቆስጠንጢኖስ እናት። ከኢየሩሳሌም ያመጣችው የመስቀሉ ክፍልፋይ እዚህ እንደሚገኝ ይታመናል። በትንሽ ክፍል ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ይታያል። አክስቴ ሻርፗን ከፀጉሯ ላይ አስተካክላ ቆመች። «የኛው ግሸን ነው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ይሄም የዚያው ነው።» በመንበርከክ ላይ ያሉ የፊሊፒንስ ሴቶች ከጎኗ ነበሩ። እነሱም እሑዳቸው ነው።

ጥቂት ስንሄድ ሳን ጆቫኒ ደረስን፤ የሮም ካቴድራል እሱ ነው። በአጠገቡ ምእመናን በጉልበታቸው የሚወጧቸው 28 ደረጃዎች አሉ። እነሱንም እሌኒ እንዳመጣቻቸው ይነገራል። ከአደባባዩ በአንድ በኩል የሚወርደው መንገድ ስሙ ቪያ ዴል አምባ አራዳም ነው። የካቲት 1928 ዓ.ም የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት ተራራ። ጣሊያኖች ለድላቸው መታሰቢያ ብለው ሰየሙት፤ እስከ ዛሬ አልተነሳም። እዚያ ለተሠራው የሜትሮ ጣቢያም ይኸው ስም ታስቦ ነበር። ሰው ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሮም ምክር ቤት ጣቢያው በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም ወሰነ። ማሪንኮላ ሶማሊያ ተወልዶ ጣሊያን ያደገ፣ ከፋሺስቶችና ከናዚዎች ጋር ሲዋጋ እ.ኤ.አ. በ1945 የወደቀ ወጣት ነው። ስሙ እንዲለወጥ ከጠየቁት ሰዎች ብዙዎቹ ጣሊያናውያን ነበሩ። ይህን ማወቄ አስደሰተኝ።

አክስቴ ግን ስለ መንገድ ስም ከእኔ በላይ ታውቃለች። የምትሠራበት ሰፈር የአፍሪካ ሰፈር ይባላል። ቪያሌ ኤሪትሪያ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ሊቢያ፣ ቪያሌ ሶማሊያ። «ጠዋት ኤሪትሪያ ላይ ወርጄ ኢትዮጵያን አቋርጬ ሥራ እገባለሁ» አለችኝ። «አሮጊቷ መንገዱ ለምን እንዲህ እንደተባለ አታውቅም። እኔ ነኝ የነገርኳት።»

ሰኞ

በረራዬ ማታ ስለነበረ ቀኑን ለአበበ ቢቂላ አስቀመጥኩት።

መነሻው ካምፒዶሊዮ ነው፤ ማይክል አንጄሎ የነደፈው አደባባይ፣ መሀሉ ላይ ማርቆስ አውሬሊዎስ ፈረስ ላይ የተቀመጠበት። የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም አመሻሽ ላይ ከዚህ ተነሳ። ከስታዲየም ውጭ ተነስቶ ከስታዲየም ውጭ ያለቀ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን ነው። በማግስቱ አገር ቤት እንቁጣጣሽ ነበር። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፤ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር። ጫማ የለም።

118 ቁጥር አውቶቡስ ይዤ ቪያ አፒያ ሄድኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የተጀመረ መንገድ ነው። ከተወሰነ ርቀት በኋላ የጥንቱ ድንጋይ ይጀምራል። ጥቁር፣ ትልልቅ፣ አናቱ ዱባ የመሰለ ድንጋይ። በመሀላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ በአንዳንዱ ላይ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው መስመር ይታያል። ስፖርት ጫማ አድርጌ እንኳ ቁርጭምጭሚቴ ይወላገድ ነበር። የማራቶኑ መልስ በዚህ በአፒያ በኩል ነው። ጨልሞ ነበር። ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳርና ዳር ቆመዋል። አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ሌላውን ሁሉ ጥለው ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ባዶ እግሩን፣ በሌሊት፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ከሮጠ በኋላ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ድንጋዩን ሳየው ግን ያኔ የሰማሁት ነገር በቂ እንዳልነበረ ገባኝ።

ተመልሼ ፖርታ ካፔና ደረስኩ። አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያለበት ትልቅ ሕንፃ አለ፤ ለቅኝ ግዛት ጉዳይ ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ሕንፃ ነው። የአክሱም ሐውልት የቆመው ከፊት ለፊቱ ነበር። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት። እ.ኤ.አ. በ1937 ተሰባብሮ የነበረውን ሐውልት አምጥተው እዚህ አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ1947 ጣሊያን በፓሪሱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። 18 ወሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተቆርጦ በግዙፍ አውሮፕላን አክሱም የገባው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም ነው፤ ነሐሴ 2000 ዓ.ም ደግሞ በቦታው ቆሞ ተመረቀ።

ዛሬ እዚያ ሣር አለ፣ መኪና አለ፣ ለመስከረም 1ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ዓምዶች አሉ። ከሮም መስህቦች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ቦታ እመርጣለሁ። 13ቱ ሐውልቶች ባሉበት ናቸው። የእኛው ብቻ አገሩ ገብቷል። የሞገቱት፣ የጻፉት፣ ደጅ የጠኑት ኢትዮጵያውያንና ጣሊያናውያን ሥራ ነው። እዚያ ሣር ላይ ቆሞ ኩራት የማይሰማው ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

አበበም ያመለጠው እዚህ ነው። እሱና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ቀድመው መንገዱን ሲቃኙ ሐውልቱን ለምልክት እንደያዙት ይነገራል። እዚህ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። ራዲ ሊከተለው አልቻለም። ከዚህ እስከ መጨረሻው ከ1 ኪሎ ሜትር ያንሳል፤ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ ያለው መንገድ ነው። በዝግታ ሄድኩበት።

መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው። ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ312 በመስቀል ምልክት ድል ካደረገ በኋላ የቆመለት፣ በ315 የተመረቀ። ሙሶሊኒም ጦሩን በዚህ መንገድ አሰልፏል። አበበ እዚህ የደረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። በዓለም እስከዚያ ቀን ከተሮጠው ሁሉ የፈጠነ ሰዓት ነበር። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ገባ። ከሰሃራ በታች ካለችው አፍሪካ የመጀመሪያው ጥቁር የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያ አሸናፊ ማለት ነው፤ ወረራው ካበቃ ገና 19 ዓመቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን ሲመራ መጨረሻው ሲቃረብ ጫማውን አወለቀ። የቀረችውን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ለአበበ።

ቅስቱ ሥር አንዲት ኬንያዊት ተማሪ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። አበበ እዚህ ጋ እንደጨረሰ ነገርኳት። ታውቃለች። «ለዚያ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

መንገዱን መሄድ ለምትፈልጉ፦ በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ላይ ውረዱ። ትኬቱ 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። ስትወጡ ትልቁ ነጭ ሕንፃ ፊታችሁ ነው፤ ሐውልቱ የነበረበት ሣር ከእሱ አጠገብ ነው። ከዚያ ኮሎሲየም እስኪታያችሁ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ በሉ። መግቢያ አይከፈልበትም፣ ሰልፍ የለበትም፣ ቢዘገይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብትጀምሩ አበበ ከካምፒዶሊዮ በተነሳበት ሰዓት መሆኑ ነው።